ለአናሊን የሠራሁት ደረጃ

ሳን ኢሲድሮ፣ ኢሎኢሎ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1999

የኔ ፍቅር ፐርሊታ፣

በመጀመሪያ ቁጭ በይ። የታመመ የለም፣ የሞተ የለም፣ አሳማዋም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ጁን ደብዳቤውን በእጅሽ ሲሰጥሽ ደንግጠሽ ሆንግ ኮንግ መሀል መንገድ ላይ እንዳትጮሂ ብዬ ነው። ወሬው የደስታ ወሬ ነው። ልጃችን የወር አበባዋን አየች።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። አናሊን ከመታጠቢያ ቤት "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ሮጬ በሩ ጋ ስደርስ "አትምጣ!" አለች። ቆምኩ። "አባዬ፣ የት ሄድክ?" አለች። "እዚሁ ነኝ።" "አትቅረብ!" እባብ የገባባት መስሎኝ ቆንጨራዬን ይዤ ተመለስኩ። የሳሙና አረፋ እስከ ክርኔ፣ ቆንጨራ በእጄ፣ በር ላይ ተገትሬ ሳለሁ ቀስ ብላ "ደም ነው አባዬ" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ደነገጥኩ፣ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሦስቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ሱቅ ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ሞዴስ ጠየቅሁ። ምግቡን፣ ልብሱን፣ የፀጉር ሹሩባውን አንቺ በሌለሽበት ሰባት ዓመት ተምሬዋለሁ፤ ያልተማርኩት ይሄንን ብቻ ነበር። ባለሱቁ "የቱን ልስጥህ? ትልቁን ነው ትንሹን?" ሲለኝ እንደ ምስማር "የሁለት ኢንቹን" ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ለጎረቤታችን ለእትዬ ቤቢንግ ነገርኳቸው። ከደስታቸው ብዛት የያዙትን ዓሣ እዚያው ጥለው መጡ።

"በል ደረጃው የታል?" አሉኝ።

"የምን ደረጃ?"

"አንተ ደግሞ! ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ትዝለል እንጂ! ካልዘለለች በየወሩ ሳምንት ሙሉ ሊፈሳት ነው? ከሦስተኛው ከዘለለች በሦስት ቀን ይቆምላታል። እናትህ አልነገረችህም?"

እናቴ ለወንድ ልጇ ይህን ለምን ትነግራለች? ችግሩ ግን ሌላ ነው። የድሮው የቀርከሃ ቤታችን አምስት ደረጃ ነበረው። በአንቺ ላብ የተሠራው የብሎኬት ቤት ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከበሩ ወጥተሽ ቀጥታ አፈር ትረግጫለሽ። ወደ ሰው ቤት ሄዳ ትዝለል ብላቸው አናሊን "ከሞትኩ ይሻላል" አለች። እሺ፣ አናጢ ለምን ሆንኩ? መጋዜን አነሳሁ። ለታዘዝኩት አልጋ ያዘጋጀሁትን ጣውላ ቆረጥኩት፣ ላግኩት፣ ምስማር መታሁበት፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢያችን መሀል ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆመ። ሦስት ደረጃ፣ ከላዩ ደግሞ እግሯን አስተካክላ የምትቆምበት አንድ ሰፊ ጣውላ አደረግሁለት። ሥራ ከሠራሁ አይቀር ብዬ።

ጥፋቴም እሱ ነው። አናሊን ዐይኗን ጨፍና ከሰፊው ጣውላ ላይ ዘለለችና በሁለት እግሯ አረፈች። እኔ አጨበጨብኩ። እትዬ ቤቢንግ ግን ራሳቸውን ይዘው "አራተኛው ነው! ከአራተኛው ነው የዘለለችው!" ብለው ጮኹ።

"እትዬ፣ ያ ደረጃ አይደለም፣ መቆሚያ ነው" አልኳቸው።

"ማህፀን የአናጢ ቋንቋ ታውቃለች?" አሉኝ።

ሦስት ነው አራት ነው ስንጨቃጨቅ ጩኸታችንን ሰምቶ ግማሽ ሰፈር አጥራችን ላይ ተሰልፏል። ብሎኬት ቤት ግቢ ውስጥ አዲስ ደረጃ የቆመው ለምን እንደሆነ ለየትኛዋ ሴት ማስረዳት ያስፈልጋል? አናሊን ሰዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። "ጨው አቀብለኝ" እንኳ ለድመቷ ነበር የምትለው። ለመሆኑ ስንት ቀን ፈሰሳት መሰለሽ? አምስት። እኔም እትዬ ቤቢንግም ተሸነፍን።

የኮኮናት ጠጅ ቤቱ ጋ ሳልፍ ደግሞ ወንዶቹ ተነስተው ቆሙልኝ። "ለእማማ ሄርሚኒዮ መንገድ ልቀቁ!" አለ አንዱ። "እማማ፣ ለኔም ሚስት ደረጃ ሥሪላት!" አለ ሌላው። ታውቂያለሽ፣ አንቺ በሄድሽበት ዓመት ልብስ ሳሰጣ አይቶ "እማማ" ያለኝን ሰው ጥርሱን ልሰብረው ነበር። አሁን ቆሜ "ልጆቼ፣ እጃችሁን ታጥባችኋል?" አልኳቸው፤ ጠጃቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙን ሳልለምደው አልቀረሁም።

ከሳምንት በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ? ከአናሊን ክፍል አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። እናቷ ታይዋን ናት፣ ቤታቸውም ብሎኬት ነው። አያቷ እያፈሩ "ደረጃችሁን ለአንድ ዝላይ ብታውሱን" አሉኝ። ላይኛውን ጣውላ ነቅዬ ጣልኩና ሰጠኋቸው። ደረጃውን የምታስቆጥራት ማን ብትሆን ጥሩ ነው? አናሊን ናታ! ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ከሦስተኛው ነው፣ የአባዬን ሒሳብ እንዳትሰሚ" ስትላት ሰማሁ። እስካሁን አራት ልጆች ዘለውበታል። ከኔም ጋር ሙሉ በሙሉ ታረቅን። ለአንቺ የራሷን ደብዳቤ ጽፋ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከታዋለች፤ ጀርባው ላይ "አባዬ እንዳታነብ" የሚል አለበት፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። አላነበብኩም። ፀሐይ ላይ አንስቼ ለማየት ሞክሬ ነበር፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው።

ጁን ሐሙስ ዕለት ከሆንግ ኮንግ ዕቃሽን ይዞ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። በልጅነቱ፣ ገና ሴት ልጅ ሲባል፣ በግንቦት የማርያም ሰልፍ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጁቪሊን ተብሎ አበባ ሲበትን የሚያስታውሱት ሴቶች፣ አሁን በወንድ ሸሚዝና በአጭር ፀጉር ሲያዩት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። አናሊን ብቻ ቀጥ ብላ ሄዳ "እትዬ ልበልህ ወይስ ጋሼ?" አለችው። "ላንቺ ምን እመስላለሁ?" አላት። ከላይ እስከ ታች አየችውና "ጋሼ" አለች። "እንግዲያው ጋሼ ነኛ!" ብሎ ቸኮሌቱን ሰጣት። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እሱና ፍቅረኛው ሮዛሊ እሑድ ቀን ቀለበት ሲያደርጉ ሚዜያቸው አንቺ እንደነበርሽ የነገረኝ እሱ ነው። ለምን ደበቅሽኝ? እቆጣለሁ ብለሽ ነው? ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ስትደንሺ የተነሳሽውን ፎቶግራፍ አሳየኝ፤ ለምኜው ወሰድኩበት። እዚህ ወንዶቹ "ሆንግ ኮንግ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተጋቡ ነው፣ የአንተዋም አትመለስም" እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር የከረሙት። ለጁን ብነግረው "ፐርሊታ? የሷ ነገር የባሰ ነው፣ አንድ አናጢ ይዟታል" ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ ግን ሳቁን ተወው።

"ጋሽ ሄርሚኒዮ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ።"

"ተናገር።"

"እሑድ በዕረፍት ቀናችን ስንገናኝ ደብዳቤህን ጮክ ብላ ታነብልናለች። ስለ ጣራው ሰምተናል። ስለ አሳማዋ ሰምተናል። የውሃ ፓምፑንማ አሁን እኔም እጠግነዋለሁ። ናፈቅሽኝ ያልክበት ግን አንድም የለም።"

"ታውቀዋለች እኮ።"

"ማን ነገራት? አሳማዋ?"

የደረጃውን ምስማር በአውራ ጣቴ መነካካት ጀመርኩ። እሱ ግን አልተወኝም። "ባለፈው ለዕረፍት ስትመጣ አልጋውን ለቀህላት አንተ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኛህ አሉ። 'ሰውዬው አልፈለገኝም፣ ረስቶኛል' ብላ ነው የተመለሰችው።"

ፐርሊታ፣ ደክሞሻል ብዬ ነው እኮ! ዐሥራ አራት ቀን ብቻ ነበር ያለሽ፤ ከአናሊን ጋር ተቃቅፈሽ ስትተኚ ልጅሽን የጠገብሽ አልመሰለኝም፣ እኔ ደግሞ መሀል ገብቼ ልሻማ? አንቺ እስክትጠሪኝ እኔ እጠብቃለሁ፣ ለካ አንቺም እኔ እስክጠራሽ ትጠብቂያለሽ። ሁለት ጅሎች።

ለጁን "ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም" አልኩት።

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አለኝ። "ለሮዛሊ በየሳምንቱ እነግራታለሁ፤ እስካሁን አፌ አልጠመመም።"

ተያይተን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አሠሪዎችሽ ለሁለት ዓመት የሚያስፈርሙሽን ወረቀት እስከ ማርች አጋማሽ መልሺልን ብለውሻል። "ልጅቷ ካስቸገረችህ ልምጣ፣ ካላስቸገረችህ ልፈርም" ብለሽ ጽፈሽልኛል። "አስቸግራኛለች፣ ሴት ልጅ ያለ እናት አይሆንም" ብዬ ብጽፍልሽ በሚቀጥለው ወር እዚህ ነሽ። ምክንያቱ የሚያምር ነው፣ ማንም አይስቅብኝም። ግን ውሸት ነው። ልጅቷ አላስቸገረችኝም። ቤቱም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አንቺ አለመኖርሽ ነው።

የምፈልግሽ እኔ ነኝ። ለልብስ አጠባ አይደለም፣ በሱስ እበልጥሻለሁ፣ ብትመጪም አልለቅልሽም። ስስቅ አጠገቤ እንድትስቂ ነው። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ገና አላረጀሁም፣ አንቺም አላረጀሽም፤ ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ። ከጆሮሽ ሥር፣ አንገትሽ ላይ ያለውን ሽታ አልረሳሁትም። ይህን ስጽፍ ፊቴ እየጋለ ነው፣ እግዜር ያሳይሽ። እሑድ ለሴቶቹ ስታነቢላቸው ይህቺን መስመር ዝለያት። ወይም አትዝለያት፣ እንደፈለግሽ።

ብትፈርሚም ባልሽ ነኝ፣ አልቀየምሽም። የምታሳድጊውን የአሠሪዎችሽን ልጅ ከወለዱት በላይ እንደምትወጂው አውቃለሁ፣ በሥራሽም ትኮሪያለሽ። ብትመጪ ግን ወንበር ላይ አልተኛም።

ለሮዛሊ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። የሃሮዋ እመቤታችን ማርያም ከዚያ ሁሉ ፎቅ ደረጃና ከብርዱ ትጠብቅሽ፣ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ መንገድሽን ታቅናልሽ፤ መንገዱ ወዴት እንደሆነ እኔ የምመኘውን ነግሬያታለሁ፣ ምርጫው ግን ያንቺ ነው።

ጁን ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ አውቶቡሱ ጡሩምባውን እያጮኸ ነው። ደግሜ ሳላነበው ላሽገው። ካነበብኩት እሰርዘዋለሁ።

የሚናፍቅሽ
ሄርሚኒዮ