ጠመንጃው ለከበደ፣ ድርቆሹ ለእኔ

ሚያዝያ 9 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ አሰብ

ዛሬ የሚሊሺያ ስልጠናው አለቀ። በዚህ የአሰብ ሙቀት፣ በጋለ አሸዋ ላይ ክርኔ እስኪላጥ በደረቴ የተሳብኩት ለዚህ ኖሯል?

ኢላማ ተኩስ ላይ ወንዶቹንም በልጬ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ አሰልጣኛችን አስር አለቃው ራሱ አጨብጭቦልኛል። ምድብ ሲነገር ግን ወንዶቹ ወደ ግንባር፣ እኛ ሴቶቹ ለዘማች ስንቅ ድርቆሽ ማድረቅ! እኩልነቱ ለመፈክር ብቻ ነው። አስር አለቃው ጠመንጃዬን ነጥቆ ለጎረቤቴ ለከበደ ሰጠው። ከበደ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት።

«ለምን?» ብዬ አስር አለቃው ላይ አፈጠጥኩ።

«እህቴ፣ ጦር ሜዳ የሴት ቦታ አይደለም» አለኝና እያነከሰ ሄደ።

እግሩን ግንባር ላይ በጥይት የመታችው ሴት ወንበዴ መሆኗን፣ ስልጠናው በተጀመረ ዕለት እሱ ራሱ ነው እኮ የነገረን።