አሮጊቷን መኪና ያሳመርኳት እኔ ነኝ

ይድረስ ከሐሳቤ ለማልለየው ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? እንዴት ከርመሃል? አብሮህ የሚኖረው ምግብ አብሳዩስ ደህና ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ካርቶን ስታነሳ ከጉልበትህ ተነስ እንጂ በወገብህ አትሳብ ብላሃለች እማዬ። እንቅልፍስ ትተኛለህ? ብርዱስ ለቀቃችሁ? እኛ ተመስገን ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ያቺ የጉልበቷ ነገር አልፎ አልፎ ትነሳባታለች እንጂ ደህና ናት። እኔማ አትጠይቀኝ፣ እንደ ብረት ነኝ፤ እንደውም አምሮብሃል እየተባልኩ ነው።

ደብዳቤ ጻፈ ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ በስልክ ስናወራ እማዬ ጆሮዋን ደቅና አጠገቤ ስለምትቆም የልቤን አልናገርም። አሁን ጎረቤታችን ነርሷ አንተ ወዳለህበት አገር ልትመጣ ስለሆነ በሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ እለፈኝ፤ ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው።

ነገሩ ስለ መኪናህ ነው። ባለፈው እማዬ ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ ወይ ስትልህ እንደፈለግሽ አድርጊ አልካት አይደል? ስልኩን እንደዘጋች ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ድስት ደግማ አጠበች። በማግስቱ የሰፈሩን የሂሳብ መምህር ቅዳሜ መጥተህ እያት አለችው። እኔ ደሜ ፈላ። እሁድ እሁድ ሞተሯን የማስነሳው፣ ጎማዋን የምነፋው እኔ፤ ወሳኙ ሌላ! ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው። የከፋው ፊቷ ነው፤ በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ፀሐይ በልቶት አመድ መስሏል፣ በሾፌሩ በኩል ያለው ደግሞ እንደ ቁስል ቅርፊት ይረግፋል። ይሄ ከተስተካከለ እማዬ አይታት ትሳሳላታለች፣ መሸጡም ይቀራል ብዬ አሰብኩ።

እንግዲህ ታውቀኛለህ፣ አፌ አያርፍም። የመኪና ገላ የሚቀጠቅጠው ባትላሜራው በር ላይ ሄጄ እስከ ቅዳሜ አሮጊቷን ሙሽራ ካላደረግኋት ስሜን ቀይሩት አልኩ። መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም፤ አንተ የብስክሌት ጎማ ለመለጠፍ ሦስት ቀን የፈጀብህ ልጅ ነህ አለኝ፣ እዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ቤት ገብቼ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር የጫማ ቀለም፣ ሙሉ ቆርቆሮውን፣ በጠርዙ ላይ ለቀለቅሁት! በብሩሽ ስወለውለው አበራ፣ ልክ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትለው። ሰፈሩን በሙሉ ጠራሁ። እማዬም መጣችና አንተ ስትነዳት እንደለመደችው ከፊት ተቀምጣ ክንዷን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገች። ያ ነጭ ሹራቧ እስከ ክርኗ ጥቁር ሆነ! እሱ ሳያንስ ዝናቡ መጣና ቀለሙ በበሩ ላይ ወረደ፣ መኪናዋ ኩል ተቀብታ ያለቀሰች ሴት መሰለች። ባትላሜራው እየሳቀ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እማዬ ግን አልተቆጣችኝም። ሹራቡን አውልቃ ወንድምህ ቢኖር ይሄን አያደርግም ነበር ብላ ገባች። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ፣ እኔ ሰውን አሳየኝ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አልኩ። ባትላሜራውም እንደፈራሁት አላላገጠብኝም፤ መጀመሪያ ቆሻሻህን አንሳ አለኝ። የጫማውን ቀለም በሳሙናና በቲነር ሳነሳ ግማሽ ቀን ሄደ፣ ጥፍሬ እስካሁን ጥቁር ነው። ከዚያ መስታወቱንና በሩን በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ሸፈንኩ፣ የረገፈውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርኩ አሸሁ። እጅህ ለስላሳ ነው እስኪልህ እሸው ይለኛል፣ እኔ ለሰለሰ ስል እሱ ጣቱን ያስኬድና ገና ነው ይላል። ሦስት ቀን እንዲሁ ገና ነው ሲለኝ ዋለ! ቀለሙን ስነፋም አንዴ አታጥግበው፣ ስስ አድርገህ ንፋ፣ ይድረቅ፣ ድገም አለኝ። አራት ጊዜ ደጋገምኩ። የኋላ ግራውን ጠርዝ በካቻቢቴ ሳላቅቅ ሰብሬዋለሁ፣ ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው የምነግርህ፤ እሱ ከውስጥ በቆርቆሮ ደግፎ አያያዘልኝ። ስብራቱ እንዳለ አንተ እንኳ አታገኘውም። የቀረውን በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

ቅዳሜ መምህሩ መጣ። ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ነካው፣ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት ቁራሌው የሚወስዳት አሮጌ ብረት ትሆናለች ብዬ ነበር የመጣሁት፣ ይቺማ በእንክብካቤ የተያዘች ናት፣ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ አለ። በገዛ እጄ አስሸጥኳት! እማዬን አየኋት። እሷ ደግሞ ጠርዙን ስታይ ቆየችና ባለቤቱ ታላቁ ልጄ ነው፣ ከሱ ጋር ተነጋገሩ ብላ ስልክህን ሰጠችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገስ ስላለችው ያኔ ይደውልልሃል።

ጋሼ፣ ሽጥ ካልክ ቁልፉን ወስጄ የምሰጠው እኔው ነኝ፣ አልደብቅም፣ አልጣላህም። ብረት ብረት ነው። ግን እማዬ ያን ቀን ድስቱን ለምን ደግማ እንዳጠበች ገብቶኛል። መኪናዋ ትሸጥ ወይ ስትልህ እሷ የጠየቀችህ ሌላ ነገር ነው፣ መልሱን ፈርታ ነው በመኪና ያሳበበችው። እኔ አልፈራም፣ ቁርጡን ልጠይቅህ፤ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ለመምህሩ መልስ ከመስጠትህ በፊት ለእማዬ ደውልና ይሄን ንገራት። አልመጣም ብትልም እኔ አለሁ፣ ብቻዋን አትሰማውም።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፣ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ ብላሃለች። እህታችን ፈተናዋን እንዳለፈች ንገርልኝ ብላ እጄን ይዛ ነው ያስጻፈችኝ። አጎታችን ሰላም ብሎሃል፣ እንዳመሉ ለምን አይደውልም እያለ ነው። ባትላሜራውም ሰላም በልልኝ አለ፣ ስለ ጫማው ቀለም ጻፍክለት ወይ እያለ ያስጨንቀኛል። ለምግብ አብሳዩም ሰላምታዬን አድርስ።

ጉረኛው ታናሽ ወንድምህ

ከቤታችን በረንዳ፣ መኪናዋ አጠገብ
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን