ለጋጣው የተመረጠው ሽቦ

ይድረስ ለምራቴ፣

እንዴት ከረምሽ? የእኅትሽ ምግብ ቤት ገበያው እንዴት ነው? የጋሸና ንፋስስ ተስማማሽ? እኔ በጉልበቴ ከመነጫነጬ በቀር፣ የይምርሐነ ክርስቶስ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዳልቻ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቁርጥ እናቷን ናት።

የምጽፍልሽ ስለ ጋጣው መብራት ነው። ልጄ ዘመን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባረፈ ጊዜ ብቻዎን አልተውዎትም ብለሽኝ ነበር። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ተመልሰሽ፣ ከጋጣው ጥግ ጫጩት የሚፈለፍል ማሽን ልትተክዪ ቃል ገባሽልኝ። እኔም ይኸንኑ ሳስብ ከረምኩ።

ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ የቤቱን ማራዘሚያ በልብስ ማስጫው ላይ አሳልፌ ልጎትተው ነበር። ደሳለ፣ የላሊበላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ መጥቶ ሳቀብኝ። የከብት ሽንትና ትንፋሽ ሽቦ ያበላሻል፣ አይጥም ይቆረጥመዋል፣ ስለዚህ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ይለፍ፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ቀንድ የማይደርስበት ይሁን አለኝ።

ከዚያ ሽቦ ልግዛ ብሎ ጋሸና ሄደ። ላሊበላ ሱቅ የጠፋ ይመስል! ቱቦ ረሳሁ ብሎ ደግሞ ተመልሶ ሄደ፤ ለሦስት ላም ጋጣ! የእኅትሽ ሽሮ ጥሩ መሆኑን ነገረኝ፤ ስላንቺ ግን ትንፍሽ አላለም።

በመጨረሻ ሁለት ጥቅል ሽቦ ገለባው ላይ አስቀመጠና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እየለካ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ቀጭኑ ለአምፖል ብቻ ነው። ማሽኑን የሚችለው ወፍራሙ ነው። ምራትዎ ትመለሳለች?»

መለኪያውን የያዘው እጁ ከግድግዳው ላይ አልነቃነቅ አለ። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያ ገለባው ላይ ጋደም አልኩ። ከአሸተን ማርያም በኩል ጉሙ ወርዶ ጋጣውን ሞላው፤ የጥጃዋ እግሮች ብቻ ይታዩኛል። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እንጃ፣ ሳይበራ የበራ መሰለኝ። የጫጩት ጫጫታ ሰማሁ። አንቺ በነጠላሽ ታቅፈሻቸው ትስቂያለሽ። ሳቅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ግድግዳው የእኔ ጋጣ አይደለም። የማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ደስ የሚል ቤት ነበር። ስነቃ በጣም ናፈቅሽኝ፤ ይኼንን አልደብቅሽም።

በማግስቱ ቀጭኑን ዘርጋው አልኩት። ለእኔና ለዳልቻ አንድ አምፖል ይበቃናል። ወፍራሙን ግን አስቀምጠው፣ ማሽኑ የሚቆምበት ቤት ሲገኝ ትዘረጋዋለህ አልኩት። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ማንጎራጎር ጀመረ። ድምፁ አያምርም፤ ኋላ አልተነገረኝም እንዳትዪ።

የገባሽልኝ ቃል አይክበድሽ፣ ልጄ። እግዚአብሔር እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ፤ እንባሽን በሳቅ ይለውጥልሽ። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ከመጣም፣ በአባት ቦታ የሚቀመጥልኝ የለም ብለሽ አትሸማቀቂ። ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ብዬ እመጣለሁ።

አባትሽ