ሦስት ዙር የጎደለው ኮፍያ

ጁባ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11

የገነት ልጅ እሑድ አርባ ቀን ይሞላዋል፤ ክርስትና ይነሳል። እዚህ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት አብረን ስለምንሠራ፣ ነጭ ኮፍያ እሠራለታለሁ ብዬ ሳላስበው ቃል ገብቼ ነበር። ዛሬ ጀበል ገበያ ክር ፍለጋ ስዞር ዋልኩ። ሻጯ "ማፊ! የለም!" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ በዚህ ሙቀት የሱፍ ክር ማን ይገዛል?

ቤት ስገባ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ለልጄ የሠራሁት ኮፍያ እዚያ አለ። እናቴ "ሳይወለድ ልብስ አይዘጋጅም" ብትለኝም አልሰማ ብዬ የሠራሁት ነው። ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ኮፍያው አንድ ቀን እንኳ ራሱ ላይ አልዋለም። ስድስት ዓመት ከቤት ቤት ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ጫፉን ፈልጌ ተረተርኩት። ስንት ቀን የለፋሁበት ባንድ አፍታ ክር ብቻ ሆነ።

ኪሮሼን ይዤ በገነት ልጅ ራስ ልክ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ገነት በር ላይ ቆማ "አንቺ፣ ይሄን የመሰለ ክር ከየት አገኘሽ?" አለችኝ።

"ነበረኝ" አልኳት።

ሦስት ዙር ሲቀረው ክሩ አለቀብኝ። ለካ የአርባ ቀን ልጅ ጭንቅላት ትልቅ ነው። እኔ ምን አውቄ።