የስመኝ ተያዥ

ሸሕዲ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደረበ፣

መልእክትህ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰኝ። ወዲያው ደወልኩ፤ አላነሳህም። ደገምኩ፤ አላነሳህም። በሦስተኛው ስልክህን ዘጋኸው። ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ወጣሁ። መጀመሪያ ኸሊል ሱቅ፣ ከኸሊል ተመልሼ ቤት፣ ከቤት ቴክኒክ ኮሌጁ። እዚያ ደግሞ ማኅተም የያዘችው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳለች አሉኝ። ለቅሶው ቤት ድረስ በባጃጅ፤ ድንኳን ገብቼ፣ ሟቹን ሳላውቀው «ነፍስ ይማር» ብዬ፣ ሴትዮዋን በዓይኔ ጠርቼ፣ ይዣት ተመለስኩ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የተያዥ ፎርሙ ላይ ማኅተሙ ተመታ። ስመኝ ፎርሙን በስልኳ ፎቶ አንስታ ስትልክ ኔትወርኩ ሁለቴ ጣለን። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሄደ። የተባለው እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። ልጅቷ ሥራውን አገኘች። ያለ አንተ አገኘች።

ስልክ ስለማታነሳ ነው በወረቀት የምጽፍልህ። የምታመጣልህም ራሷ ስመኝ ናት። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ተነስታ ጎንደር ታድራለች። አንተ ቤት ግን አታድርም፤ መኝታ ይዤላታለሁ። በርህ ላይ ቆማ ሰጥታህ ትሄዳለች። አጎቷ ነህና ጉንጯን ሳማት።

«ወንድሜ ይቅርታ፣ አስቤበት ነው። ክሪፕቶ ቁማር ነው። በማላውቀው ነገር ስሜን አላስገባም። ለስመኝ ሌላ ሥራ አይጠፋም።» ይኸው ነው የጻፍክልኝ። እሑድ ዕለት ደግሞ «ለስመኝ ካልፈረምኩ ለማን ልፈርም ነው?» ብለኸኝ ነበር። እኔም አምኜህ ሌላ ተያዥ ሳልፈልግ አራት ቀን ተቀመጥኩ። እሑድ ላይ እምቢ ብትል አልቀየምህም ነበር። የተቀየምኩህ በአራቱ ቀን ነው።

አሁን ቁማር ላልከው ልመልስልህ። ታውቀኛለህ፣ ነገር በተራ ካላስቀመጥኩ ይጠፋብኛል።

አንደኛ፣ እኔ ካንተ በላይ ፈርቻለሁ። የጎረቤታችንን የካሰችን ልጅ ሰምተሃል። በቴሌግራም «ክሪፕቶ ካምፓኒ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው» ብለው እስያ ወሰዱት፤ ፓስፖርቱን ነጥቀው ዘጠኝ ወር ሰው ሲያጭበረብር አዋሉት። ተመልሶ መጥቶም ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል። እና ስመኝ ከሁለት ሳምንት በፊት «አባ፣ ክሪፕቶ የሚሠራ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው» ስትለኝ፣ ይዤው የነበረውን መፍቻ ነው የጣልኩት።

«ፓስፖርት ጠየቁሽ?»

«የለም አባ። እዚሁ አገር ውስጥ ነው። የጠየቁኝ ተያዥ ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅልኝ ሰው።»

እዚያ ላይ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ሌባ ተያዥ አይጠይቅም። ቢሆንም አላመንኩም፤ ሰሊጥ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚወጣ ሾፌር ለምኜ ቦታውን እንዲያይልኝ ላክሁት። ደወለልኝ። «አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ከኃይል ማከፋፈያው ሥር ነው። ኮንቴይነር ደርድረዋል። መቶ ወፍጮ ባንዴ እንደተነሳ ይጮኻል፤ ዱቄት ግን የለም» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ሥራው። አንተ ያልጠየቅኸውን እኔ ጠይቄያለሁ። «ዱቄት የሌለው ወፍጮ ምን ይፈጫል?» አልኳት። ሳቀች። «ሂሳብ ነው የሚፈጨው አባ። ክሪፕቶ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው፤ ሰው ለሰው የላከው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በእነዚህ ማሽኖች ነው። ማሽኑ ሌት ተቀን ያሰላል፤ ቀድሞ ላሰላው በዚያው በክሪፕቶ ይከፈለዋል» አለች።

«ሳንቲሙን ያየው አለ?»

«ማንም አላየውም።»

«አንቺስ ደመወዝሽ የማይታየው ነው?»

«የእኔ በብር ነው፣ በባንክ።»

«እና የአንቺ ሥራ ምንድን ነው?»

«ማቀዝቀዝ። ማሽኖቹ ይግላሉ። ማራገቢያውን፣ መስመሩን፣ ሙቀቱን እጠብቃለሁ።»

በዚህ ጊዜ ገባኝ። ደረበ፣ ትራክተር ሲግል ራዲያተሩን ስከፍት ውሃ የምታቀብለኝ እሷ እንደነበረች ታውቃለህ። በዚህ ቆላ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ያውቃል? ሙቀት ነው የሚያውቅ።

በስልክ ቪዲዮ የፈተኗት ዕለት በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። «ሁለት ረድፍ ኮንቴይነር አለ፤ አንዱ ረድፍ ሁልጊዜ ይግላል፤ ማራገቢያው ግን ደህና ነው። ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። እኔ ገብቼ ልመልስላት ደረስኩ፤ መልሱን ግን አላውቀውም። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኛ አገር የታጨደ ሰሊጥ ነዶው ቆሞ ነው የሚደርቀው፤ ሂላ እንለዋለን። ሂላ ስናቆም መጀመሪያ ነፋሱን ነው የምናየው። የአንዱ ሂላ ሙቀት ለሌላው ከደረሰ የኋላው ይሻግታል። የእናንተም የፊተኛው ረድፍ ያወጣውን ትኩስ አየር የኋለኛው መልሶ እየሳበው ይሆናል። ማራገቢያ ከመግዛት በፊት ነፋሱን አይቼ አቅጣጫውን አዞራለሁ።»

ሰውዬው «ይህን የት ነው የተማርሽው?» አላት። «አባቴ እርሻ ላይ» አለችው። እንባዬ መጣ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን ወጥቼ ያን ቀን ያልተበላሸ ትራክተር ፈትቼ ገጠምኩ።

ሦስተኛ፣ ቁማር ማለት። ቢሮ ተቀምጠህ ቁማር ትለናለህ። ሰሊጥ ምንድን ነው? ዝናቡ አንድ ሳምንት ቢቀር ቁማር። ከበቀለ በኋላ ቢበዛ ቁማር። በአጨዳ ቀን ነፋስ ቢነሳ ፍሬው መሬት ላይ፤ ቁማር። ድንበሩ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ዋጋው ወረደ፤ ቁማር። ሃያ አምስት ዓመት ሰማይ እያየሁ ስቆምር አንድ ቀን «ተው» አላልከኝም፤ ከዚያ ቁማር የተገኘ ብር ነው አንተን ያስተማረ። ክሪፕቶው ነገ ቢወድቅ የሚወድቀው ባለቤቱ ላይ ነው። ልጄ ማራገቢያ ጠባቂ ናት። ሥራው ቢዘጋ ሙያዋን ይዛ ትመለሳለች። ከመካከላችን የማትቆምር እሷ ብቻ ናት።

አራተኛም አለ። እሱን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት መጀመሪያ የሮጥኩት ኸሊል ዘንድ ነው። ሱቁን ገና እየከፈተ ነበር። «ምን ሆነህ ነው አዛናው፣ ዶሮ የሰረቅህ የመሰልከው?» አለኝ።

«ተያዥ አጣሁ።»

«አምጣው ፎርሙን! ለእኛ ልጅ ነው እንዴ ተያዥ የሚጠፋ?» ብሎ መነጽሩን አደረገ። አነበበ፤ ደገመ። «የወር ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ... ወላሂ ሰደቡኝ! ሠላሳ ዓመት ሱቅ ከፍቼ፣ የዚህ ከተማ ግማሹ ዱቤዬን እየበላ፣ ለአንዲት ልጅ አልታመንም? በስተርጅና ዘበኛ ልቀጠር ነው?» ከዚያ ቀና ብሎ «ያ ወንድምህስ? ያ የፈረምኩለት?» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ መልእክትህን አሳየሁት። «መዓሌሽ» አለ፣ «ተወው፣ ቀኑ ገና ነው።» ውሃ ሰጠኝ።

ታስታውሳለህ አይደል? ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ያዥ ሆነህ ስትቀጠር ተያዥህ ኸሊል ነበር። አይቶህ አያውቅም። «ያንተ ወንድም ነው?» አለኝ፣ «አዎ» አልኩት፣ ፈረመ። «ገንዘብ ያዥነት ምንድን ነው፣ ልጁ ቁማርተኛ ነው ወይ» አላለም። በቃ፣ ፈረመ።

ቤት ስመለስ ስመኝ ቀድማኝ አስባለች። «አባ፣ መምህሬን ልጠይቃቸው? መምህር ምንይችልን። ኤሌክትሪክ ሦስት ዓመት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።» እኔ እኮ መምህሯን አንድ ቀን አላየኋቸውም፤ ስትመረቅ እንኳ እርሻ ላይ ነበርኩ። «ጠይቂ» አልኩና ወረቀቶቿን ላወጣ የቆርቆሮውን ሣጥን ከፈትኩ። ከልደት ካርዷ ሥር አንድ አሮጌ የተማሪ መታወቂያ ወጣ። ምንይችል ይላል፣ ዘጠነኛ ክፍል። ፎቶው ላይ ጸጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ ልጅ አለ። ምንይችል የሚባል ጎጃሜ ብዙ ነው ብዬ ሣጥኑን ዘጋሁ። መታወቂያውን ግን ኪሴ ከተትኩት።

መምህሩ ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ሞተር ፈትተው ነበር። ራሰ በራ፣ ጠይም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ይቀመጡ አቶ አዛናው» አሉኝ። ስሜን ልጄ ነግራቸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ኮኪት ያለው እርሻ አሁንም አለ?» አሉ።

ኪሴ ውስጥ ያለውን መታወቂያ በእጄ ዳሰስኩት። ስመኝ «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች።

«አዎ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «እሳቸው አረም አስተምረውኛል።»

ፎቶ ኮፒ ላኳት። ሁለታችን ቀረን።

«ልጄ መሆኗን መቼ አወቁ?» አልኩ።

«የመጀመሪያ ቀን ነዋ። ስም ስጠራ። ስመኝ አዛናው ገብረማርያም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላሏትም?»

«ምን ልበላት? እሷ አልቀጠረችኝ።»

መታወቂያውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንስተው አዩት፤ ሳቁ። «ጸጉር ነበረኝ እኮ!» አሉ። ከዚያ ሳቁን ትተው «ያን ዓመት አልተመዘገብኩም። በዓመቱ ተመልሼ ሌላ እርሻ ላይ አርሜ ቀጠልኩ» አሉ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ክፉ ቃል ቢወጣቸው ይሻለኝ ነበር።

ኪሴ የነበረውን ብር ሁሉ አወጣሁ። እጄን ያዙኝ። «ዛሬ አልቀበልም። ዛሬ ከተቀበልኩ ፊርማዬን የሸጥኩ ይመስላል። የምፈርመው ለስመኝ ነው፤ የእኔና የእርስዎ ሌላ ነው።» ፈረሙ። ደመወዛቸውን ፎርሙ ላይ አየሁት፤ ካንተ ያነሰ ነው።

እንግዲህ አራተኛው ይኸው።

የ2000 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንተ ዩኒቨርሲቲ ደርሶህ እቤት ቀን ትቆጥራለህ። እኔ ኮኪት ላይ ስምንት አራሚ ይዣለሁ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አራሚ ሲቀጠር መታወቂያውን እንይዛለን፣ ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡንና መታወቂያውን አንድ ላይ እንሰጣለን። ሰባቱን ከፈልኩ። ለስምንተኛው ስደርስ አንተን የምልክበት ብር አልነበረኝም። ልጅ ነው፣ ዘመድ የለውም፣ ከጎጃም ለደብተር መግዣ የመጣ ተማሪ ነው። «ሰሊጡን ከአረሙ ጋር ነቅለሃል፣ አልከፍልም» አልኩት። አልነቀለም። ከስምንቱ መስመር የሱ ነበር የጸዳው። ቆሞ አየኝ፣ አየኝና መታወቂያውን እንኳ ሳይጠይቀኝ ሄደ።

የአሥራ አንድ ቀን ነበር፤ በቀን አርባ ብር፣ አራት መቶ አርባ። ሁለት መቶው የአውቶቡስህ፣ መቶ ሃምሳው ያቺ ሰማያዊ ሻንጣህ፣ ዘጠናው ብርድ ልብስህ። አንተ አታውቅም ነበር። ለእናታችንም አልነገርኩ፤ ለንስሐ አባቴም በደፈናው ነው ያለፍኩት። አሁን ታውቃለህ። «ስሜን አላስገባም» ያልክበት ስም፣ ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ የሚያጽፈው ስምህ፣ በዚያ ልጅ ጉልበት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው።

ስለዚህ አንተ ላይ የምጮኸው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ግን እጮኻለሁ። እኔ የከለከልኩት ሰው ለልጄ ፈርሟል፤ እኔ የሰጠሁት ሰው ስልኩን ዘግቷል። ይህን ይዤ ዝም አልልም።

ስመኝ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ደብዳቤውም የታሸገ ነው። የምትነግራት ከሆነ ራሴ ከነገርኳት በኋላ ይሁን፤ ነገ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት እነግራታለሁ። ከደመወዟ አንድ ብር አልነካም። ሂላው ቆሟል፤ በሁለት ሳምንት ይራገፋል። የመጀመሪያው ጆንያ እንደተሸጠ፣ በዛሬ የአረም ዋጋ አስልቼ ኮሌጁ በር ላይ እቆማለሁ። ካልተቀበሉኝ በማግስቱም እቆማለሁ። ካንተ መዋጮ አልፈልግም።

ስልክህን ስትከፍት ደውል። እኔ አነሳለሁ።

ወንድምህ አዛናው ገብረማርያም

የተፈረመ፦ የስመኝ የተያዥ ፎርም።
የተመለሰ፦ አንድ የተማሪ መታወቂያ።
ያልተከፈለ፦ የምንይችል የአሥራ አንድ ቀን የአረም ሂሳብ።