ኪስ የምትገባዋ ፎቶ ማንሻ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ዱባለ፤ የጅማ ዝናብና ንግዱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እዚህ ኮልፌ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ፎቶ ማንሻ ገዛሁ! አርመኑ ባለሱቅ ባለሦስት እግሩን ሲያሞግስ፣ እኔ ኪስ የምትገባዋን መረጥኩ። ጫን ሲያደርጓት ቀጭ፣ አለቀ። ባለቤቴ ገሜዳ እንደሆነ ሰሞኑን ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ አያወልቅም፤ ማን ቆሞ ይጠብቃል?

ጎረቤታችን ደሜ ጫካ ገባ ተብሎ፣ የጣሊያን ፖሊሶቹ ካራቢኜሪዎች የቤተሰቡን ፎቶ ከግድግዳ ነቅለው፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ለቅመው አሰሩ።

እሁድ ልጆቹን ሰብስቤ ላነሳ ስል ገሜዳ ዳር ላይ ለብቻው ቆመ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ እንግዳ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ዳሩ ይሻለኛል፤ እኔን ቆርጦ ለሚያወጣ መቀስ ይመቻል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቀጭ አደረግኩት።

ካሳጠብኩት ፎቶ አንዱን ልኬልዎታለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ሳይቆረጥ ይቀመጥልን። አምላክ አንዳችንንም ሳያጎድል ያገናኘን።

እህትዎ ሸዋገነት