የእርግዝና ተራዬን ስለ መመለስ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣ ለዶክተር ማ ግዩሆ
ዴጉ፣ ደቡብ ኮሪያ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛ የስድስተኛ ፎቅ ነርሶች፣ ቀኑን ሙሉ ቆመን መዋላችንን እንደ ሕመም ካልቆጠሩብን፣ ደህና ነን።

ሆስፒታላችን «ለእናቶች የተመቸ የሥራ ቦታ» ተብሎ በመሸለሙ፣ ሐሙስ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ሥራ እርካታዬ ሦስት ደቂቃ እንድናገር መርጠውኛል። ክብሩ ስለከበደኝ ምስጋናዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

፩. በማረፊያ ክፍላችን ፍሪጅ ላይ፣ ከፍሪጅ ጽዳት ተራ አጠገብ፣ ሁለት ነርሶች ባንድ ጊዜ እንዳያረግዙ ማን ከማን ቀጥላ እንደምታረግዝ የሚያዝ፣ ማኅተምዎ ያረፈበት የእርግዝና ተራ ዝርዝር ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። በሠላሳ አራት ዓመቴ ሳገባ አምስተኛ ነበርኩ። ሦስተኛዋ ቶሎ አልያዘላትም፤ እኛም ከኋላዋ እንደ ታክሲ ሰልፈኛ ተደርድረን በየወሩ «ምነው፣ አሁንም የለም?» እንላት ነበር። ሰው እንዲህ ይባላል? እኛ ብለናል።

፪. ወጣቷ ነርስ ዋን ቦራ ያለ ተራዋ ባረገዘች ጊዜ፣ ከፊቷ ያለነውን ሁሉ እየዞረች ይቅርታ እንድትጠይቅ የፎቃችን ዋና ነርስ ስላዘዙልን እናመሰግናለን። እኔም ዘንድ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ሄራን እህቴ፣ አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ወረፋ አታውቂም እንዴ አንቺ?» ክቡርነትዎ፣ በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ቦራ በሳምንቱ ሥራ ለቀቀች።

፫. ዘንድሮ በመጋቢት ተራዬ ደረሰ። ዋና ነርሷ በጠዋቱ ርክክብ ላይ «ሄራን፣ በርቺ እንግዲህ፣ እስከ ሰኔ አርግዘሽ ጨርሺ!» ብለው አስጨበጨቡልኝ። አርባ ሞልቶኛል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የራሳችን ሐኪም ምርመራዬን አይታ፣ ከእንግዲህ መውለድ እንደማልችል ነገረችኝና «እህቴ፣ እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለችኝ። ተራ ስጠብቅ ነበር ለማለት አፈርኩ።

ስለዚህ ያልተነካ ተራዬን በክብር እመልሳለሁ፤ ሐሙስም አልመጣም። አበባ ታቅፌ፣ ከእርስዎ ጎን ቆሜ፣ ፈገግ ብዬ ፎቶ ስነሳ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ለወላዶች ያለዎትን ርኅራኄ ዘወትር እያደነቅሁ፣ በወረፋዋ ታማኝ ሆና የኖረች ትሁት ሠራተኛዎ፣
ጉ ሄራን፣ የስድስተኛ ፎቅ ነርስ

ማስታወሻ፦ ዝርዝሩን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ፣ መግቢያው ላይ በሰቀሉት የሽልማት ወረቀት ፍሬም ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ማኅተሙ የእርስዎ ስለሆነ ያምርበታል። በአምስተኛው ተራ ላይ ስሜን ሰርዤ፣ ለልጄ አስቤው የነበረውን ስም፣ ዳሶምን፣ በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ። እኛ አገር በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም።